የአዲስ አበባ መናፈሻዎች፦ በሩ ለማን ተከፈተ?

አዲስ አበባን ከእንጦጦ አናት ላይ ቁልቁል ሲያዩዋት ዛፍ የጎደላት ከተማ አትመስልም። ወርደው በእግር ሲዞሯት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጠራራ ፀሐይ ከመርካቶ ተነስቶ ሜክሲኮ ድረስ የሚሄድ ሰው አረፍ የሚልበት ጥላ ፍለጋ ዓይኑ ይንከራተታል። ከላይ ያየነው አረንጓዴ የት ገባ? አጥር ውስጥ ነው ያለው። ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ኤምባሲ ውስጥ፣ የድሮ ሆቴሎች ግቢ ውስጥ።

የከተማዋን የመናፈሻ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሬ ስከታተለው ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይኸው አጥር ነው። ዛፍ የመትከል ታሪካችን ከመቶ ዓመት በላይ ይሄዳል። ተራው ሰው ልጆቹን ይዞ ገብቶ ሣር ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ግን ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። የመጣውም በአብዛኛው የተዘጋ ግቢ ሲከፈት ነው። ስለዚህ ስንት ሄክታር ለማ ከሚለው ጋር በሩ መቼ ተከፈተ፣ ማን ገባ፣ ማን ደጅ ቀረ የሚለውንም አብሬ እጠይቃለሁ።

ምኒልክ በ1870ዎቹ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ያደረጉት ለምሽግነቱ ብለው ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የሚመጣ ጠላት ከሩቅ ይታያል። ለኑሮ ግን አይመችም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ነፋሱ ፋታ አይሰጥም፣ ማገዶም እያለቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ ሲወርዱ የታችኛውን ሜዳ ወደዱት። ቤት አሠሩበት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው ስም አወጡለት። ንጉሡ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት ገና እንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከተማው ግን ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ።

አሰፋፈሩ እንደ ጦር ሰፈር ነበር። ቤተ መንግሥቱ መሃል ኮረብታው ላይ፣ መኳንንቱ ደግሞ በየጉብታው ዙሪያውን። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር እያልን እስከ ዛሬ የምንጠራቸው ቦታዎች የዚያ ዘመን አሻራዎች ናቸው። በየጉብታው ያለው ግቢ የየራሱ እልፍኝ፣ የየራሱ ማድቤት፣ የየራሱ ጠጅ ቤት ነበረው። ይህ ሁሉ እንጨት ይፈጃል። ለቤት ማገር እንጨት፣ ለእንጀራ እንጨት፣ ለጠጅ እንጨት። በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ተጨፍጭፎ አለቀ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ምኒልክ ከተማዋን ጥለው ወደ ምዕራብ ሊሄዱ አስበው አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር።

አዲስ አበባን ከዚህ ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ እዚህ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ያስመጣው ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደሆነ በብዛት ይነገራል። ችግኙ በርካሽ ታደለ፤ ለተከለ ሰው ግብር ቀለለለት። ዛፉም አላሳፈረም። በጥቂት ዓመት ለማገርና ለወራጅ ይደርሳል። ሲቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ከብት ቅጠሉን አይበላውም። መኳንንቱ በየግቢያቸው ተከሉት፤ ተራራውም ለበሰ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ መንግሥቱ አዲስ አበባ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ብዙ ሰው ዛሬ ባሕር ዛፍን ሲወቅስ እሰማለሁ፤ ወቀሳውም እውነት አለው። ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም፣ ቁልቁለት ላይ አፈሩ ተራቁቶ ጎርፍ ይወስደዋል። ይህን ያዩት የዛሬ ባለሙያዎች ብቻ አይደሉም። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ እንጆሪ ዛፍ እንዲተከል የሚያዝ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ሰው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቤቱን የሠራበትን፣ እንጀራውን የጋገረበትን ዛፍ ማን ይነቅላል? የከተማዋ ጭቃ ቤት ግድግዳው ባሕር ዛፍ፣ ጣሪያው ባሕር ዛፍ ነበር። ፎቅ ሲሠራም ግንበኛ የሚወጣበት መወጣጫ ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገ ዛፍ ላይ አፌን ሞልቼ መፍረድ አልችልም።

የዚህ ደን ዕዳ የወደቀው ግን በሴቶች ጀርባ ላይ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሁሉ አይቷቸዋል። ቅጠሉንና ጭራሮውን ከቁመታቸው በሚረዝም እስር ያስሩታል። ገመዱን ደረታቸው ላይ አቋርጠው ይሸከሙታል። ከዚያ ግማሽ ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ በኮንጎ ጫማ ዳገት ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ከኋላ ሲያዩዋቸው የሚታየው እስሩና እግራቸው ብቻ ነው። ጥበቃ ከያዛቸው የቀን ድካማቸው እዚያው ይቀራል። ካለፉ ደግሞ ሸክሙ ገበያ ወርዶ ለዕለት ጉርስ የሚሆን ፍራንክ ያመጣል። የተሸከሙት ቅጠል ምጣድ ሥር ሲገባ እሳቱ ቦግ ብሎ ይነሳል። ጠዋት በየሰፈሩ የሚሸተው ያ የጭስ ሽታ የከተማዋ ሽታ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ እየተስፋፋ እስኪሄድ ድረስ። ከእነዚህ ሴቶች አንዳንዶቹ በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን ትተው ወደ ሽመና ገብተዋል። ሌሎቹ ግን አሁንም መንገዱ ላይ ናቸው። የእንጦጦ ደን ታሪክ ሲጻፍ ስማቸው ከንጉሡና ከፈረንሳዊው እኩል መግባት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ምኒልክ ለውጭ መንግሥታት መልእክተኞች በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ሰፋፊ መሬት ሰጡ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ሩሲያ፣ ጣሊያን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ደን አለሙ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባለው ሰፈር እስከ ዛሬ ስሙን ከዚያ ይዟል። ከታክሲው መስኮት አጥሩን አልፎ የሚታየው ጫካ በከተማዋ ካሉት ሁሉ የጠነነ ነው። ያው ከውጭ እናየዋለን።

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከዚህ ይለያል። አጥር አለው፤ ግን በሩ ለምዕመኑ ክፍት ነው። ዕድሜ ጠገብ ጽድና ወይራ የተረፈው እዚያ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሕዝብ መናፈሻ የቱ ነው ብትሉኝ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው እላለሁ። አዛውንት ከቅዳሴ በኋላ ጥላ ሥር ይጫወታሉ። ተማሪ ለፈተና ደብተሩን ይዞ ይቀመጣል።

ጃንሜዳም አለ። ማንም መናፈሻ ብሎ አልሰየመውም። ፈረስ ተጋልቦበታል፣ ሰልፍ ታይቶበታል፣ አገር አቋራጭ ሩጫ ተሮጦበታል፣ ጥምቀት በየዓመቱ ይከበርበታል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ሲዛወር የሰው ቅሬታ ምን ያህል እንደነበር አንረሳውም። ለ2013 ጥምቀት ሜዳው ተለቆ እስኪጸዳ ድረስ ወሬው ሁሉ እሱ ነበር። ሕዝብ የኔ የሚለው ባዶ ቦታ ሲነካበት እንዲህ ነው የሚሰማው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከተማዋ እንደ ዋና ከተማ መልበስ ጀመረች። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ በ1940 ዓ.ም. ተቋቋመ። ክብ ሆኖ በተሠራው የአንበሳ ቤት ዙሪያ ስንት ትውልድ ልጅ በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ እንዳየ ቤቱ ይቁጠረው። እዚያ ያሉት ጥቁር ጎፈር አንበሶች ላይ የተደረገ የዘረመል ጥናት ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ቦታው ጠባብ ነው፤ ለአንበሳም ለጎብኚም ይጨንቃል። ግን ዋጋው ርካሽ፣ መንገዱ ቅርብ ስለሆነ የድሃ ልጅ የመጀመሪያ ሽርሽር እሱ ሆነ።

ከአንበሳ ግቢ አጠገብ ያለው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ይህን ከመናፈሻ ታሪክ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ትልቁ ምዕራፍ እሱ ይመስለኛል። የንጉሥ ግቢ፣ ከነዛፉና ከነአበባው፣ ከጎጃምና ከሐረርጌ፣ ከወለጋና ከሲዳሞ ለመጣ ተማሪ ተከፈተ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላም ሌላው ትልቅ ቤተ መንግሥት እስኪከፈት ወደ 60 ዓመት ፈጅቷል።

በዚያው ዘመን በ1948 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ ለከተማዋ ማስተር ፕላን አዘጋጁ። ከእሳቸው በኋላም ፈረንሳዮች፣ ሀንጋሪያዊ ባለሙያ፣ ጣሊያኖች ሌላ ሌላ ፕላን አወጡ። ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም አልጠፋም። መሬት ላይ የወረደው ጥቂቱ ነው። በ1953 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ ግን ያ አካባቢ በእውነት አማረ። ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ ጊዮን ሆቴል፣ አፍሪካ ፓርክ ተያይዘው የከተማዋ ለምለም ወገብ ሆኑ። ከሦስቱ ያለ ግብዣና ያለ ገንዘብ የሚገባበት የትኛው እንደሆነ ግን መቁጠር አያቅትም።

ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ሐምሌ 19 የሚል ስም የያዘ መናፈሻም ከተማችን ውስጥ አለ። መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው በተባለበት ዘመን ቤተ መንግሥቱ ከበፊቱ ይልቅ ተዘጋ፤ በአጥሩ ሥር መቆም ራሱ ያስፈራ ነበር። አፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት የሌኒን ሐውልት ቆመ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ።

ከዚህ ሁሉ ፖለቲካ ጎን ለጎን የሰፈር ሰው የሚያውቃቸው መናፈሻዎች ነበሩ፤ አምባሳደር፣ ጎላ፣ የካ፣ ፒኮክ፣ ብሔረ ጽጌ። ብሔረ ጽጌን ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይ ከፋሲካ በኋላ ባለው የሠርግ ወቅት ላየው ሰው ይህች ከተማ ለአረንጓዴ ምን ያህል እንደተራበች ይገባዋል። ከበሩ ላይ አበባ የተለጠፈባቸው መኪኖች ተደርድረዋል። ውስጥ አንዷ ሙሽራ ቬሏን በሚዜዎቿ አሲዛ ከጽጌረዳው አጠገብ ትቆማለች። ከኋላዋ ሌላ ሙሽራ ተራዋን ትጠብቃለች። ቪዲዮ ቀራጩ «ወንድሜ፣ ትንሽ ዘወር በልልኝ» ይላል። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ነው። በዳር ደግሞ ከሰው ሠርግ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ጥንዶች ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ በስሱ ያወራሉ። ሣሩ ተረግጦ አልቋል፣ አግዳሚው ተሰብሯል፣ ግን ቦታው ሕይወት አለው። በየአልበማችን ያሉት የሠርግ ፎቶዎች ጀርባቸው ይህ መናፈሻ፣ ካልሆነም ጊዮን ነው።

ከዚያ የከተማ ቦታ ዋጋ ሰማይ ነካ። ሜዳ ያለ ሥራ የተቀመጠ ሀብት መምሰል ጀመረ። ኳስ የተጫወትንበት ቦታ አንድ ቀን በቆርቆሮ ይታጠራል፣ በማግስቱ ቁፋሮ ይጀመራል። ወንዞቹም የቆሻሻ መውረጃ ሆኑ። ቀበና፣ ባንትይቀጡ፣ ትንሹ አቃቂ በየድልድዩ ሥር አፍንጫ አስይዘው ያሳልፋሉ። በዚያው ውሃ ዳር ሰላጣና ቆስጣ አልምተው ከተማውን የሚመግቡ ገበሬዎች አሉ። እነሱም እንደ እንጨት ተሸካሚዎቹ ከአረንጓዴው የሚኖሩ፣ ግን በማንም ፕላን ውስጥ የማይታዩ ሰዎች ናቸው።

በዚህ መሃል ብዙ ድምፅ ያላሰማ ጥሩ ሥራም ተሠርቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተስማምተው የጉለሌ እጽዋት ማዕከልን መሠረቱ። ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውን የመሰሉ የእጽዋት ሊቃውንት ደክመውበታል። ሥራው ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ጽድን፣ ወይራን፣ ኮሶን መመለስ ነው። አንድ ሌሊት ላይ አያልቅም። ባሕር ዛፍ ቆርጠው ቢተዉት ከጉቶው መልሶ ይበቅላል፤ እየተመላለሱ ማጥፋት ያስፈልጋል። ሁሉንም በአንዴ ቢያነሱት ደግሞ ክረምት ሲመጣ ተራራው ይናዳል። አገር በቀሉ ችግኝ በበኩሉ ዓመታት ጠባቂ ይፈልጋል። ምኒልክ በጥቂት ዓመት ያለበሱትን ተራራ መልሶ አገር በቀል ለማድረግ አንድ ሙሉ ትውልድ ይፈጃል።

በ2011 ዓ.ም. ታሪኩ ድንገት ፈጠነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ «ሸገርን ማስዋብ» የተባለውን ፕሮጀክት አስጀመሩ። ዕቅዱ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ በወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር ማልማት ነበር፤ ወጪው 29 ቢሊዮን ብር ተባለ። ግንቦት 11 ቀን በቤተ መንግሥት ውስጥ ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት የእራት ግብዣ ተደረገ። ከዚያ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ያ የምኒልክ ግቢ ራሱ አንድነት ፓርክ ተብሎ ተከፈተ።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ ተዘግቶ የኖረ በር ነው። ያሳደጉን ሰዎች «በዚያ በኩል አትለፉ» ይሉን ነበር። አሁን የግብር አዳራሹን ገብተህ ታያለህ። ዙፋን ቤቱን ታያለህ። የንጉሡ ባለሥልጣናት ከመገደላቸው በፊት ታስረውበት የነበረውን ምድር ቤት ታያለህ። ከዚያ ስትወጣ አገር በቀል እጽዋት፣ ጥቁር ጎፈር አንበሳ፣ የክልሎች እልፍኝ ይጠብቁሃል። አዛውንቶች ከዘራቸውን ተደግፈው አዳራሹ መሃል ቆመው ጣሪያውን ሲመለከቱ ማየት ልብ ይነካል። በ2012 ማብቂያ ወዳጅነት ፓርክ፣ በመስከረም 2013 ደግሞ እንጦጦ ፓርክ ተከተሉ።

እንጦጦ ፓርክ ተራራውን ለሌላ ሰው አስተዋወቀው። ከዚያ በፊት እንጦጦ የሚወጣው ጠበል የሚፈልግ፣ እንጨት የሚለቅም፣ ለሩጫ የሚለማመድ ነበር። አሁን የብስክሌት መንገድ፣ ፈረስ ግልቢያ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ካፌ አለ። አየሩ ሳንባ ይጠግናል። ሥራው ጥራት አለው፤ ይህን ለመካድ አልፈልግም።

ግን ሒሳቡን እንሥራ። አንድነት ፓርክ ሲከፈት የመደበኛ መግቢያው 200 ብር ነበር። በቀን ሠራተኛ ኪስ ይህ ገንዘብ ከባድ ነው። እንጦጦ ለመድረስ የታክሲ አለ፣ ልጅ ውሃና ብስኩት ሲል ሌላ ወጪ አለ። ስለዚህ ለብዙ ቤተሰብ እነዚህ ፓርኮች በዓመት አንዴ፣ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ የሚሄዱባቸው ቦታዎች ናቸው። እናት ምሳ ሠርታ ሲደክማት ልጆቿን ይዛ የምትወጣበት፣ ጡረተኛ በየቀኑ ጋዜጣውን ይዞ የሚቀመጥበት መናፈሻ ሌላ ነው። ያ ከቤት በእግር የሚደረስ፣ በር ላይ ቲኬት የማይጠየቅበት፣ አግዳሚውና ሽንት ቤቱ የሚሠራ መሆን አለበት። የአዲስ አበባ ጎዶሎ ይህ ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶው መሬት ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። 30 በመቶው እንጦጦ ላይ ተከማችቶ ቢሞላ ልደታና ተክለ ሃይማኖት ላለ ሰው ምን ይፈይድለታል?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የኮሪደር ልማት ይህን ክፍተት በከፊል ነክቶታል። በየመንገዱ ዳር ያለ ክፍያ የሚቀመጡበት ቦታ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ሣርና አበባ ተሠርቷል። ማታ ማታ ወጣቶች ሲሰበሰቡበት፣ ሕፃናት ሲሯሯጡ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። በዚያው ልክ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ተነስቶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። ዕድራቸው ተበተነ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ተቀየረ። አረንጓዴው መጣ፤ ለዓመታት በጭቃና በተጨናነቀ ጊቢ የኖሩት ሰዎች ግን ሊቀመጡበት አልቆዩም። ይህን እያዩ ዝም ማለት አይቻልም።

እነዚህ ሰዎች ያሉት አሁን እንደ ገላን ጉራ ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች ነው። እዚያ ክፍት መሬት ገና አልጠፋም። የመሃል ከተማ ሰፈር መናፈሻ ለማግኘት ቤት ማፍረስ ግድ ሆኖበታል፤ እዚያ ግን ቦታውን አስቀድሞ ከልሎ መያዝ ብቻ ይበቃል። በየብሎኩ መሃል ሜዳ ይተው፣ ጽድና ወይራ ከአሁኑ ይተከል፣ ለጠባቂና ለአትክልተኛ ደሞዝ በጀት ይያዝ። ነዋሪውም ቦታው የት እንደሆነ ካርታው ላይ አይቶ ይወቀው፤ ነገ በቆርቆሮ ሊታጠር ሲመጣ የእኛ ነው ብሎ የሚቆምለት እሱ ነውና።